«የት ገባሽ?» ላልሽኝ

የኔ ውድ፣

እንደምን ከረምሽ? «ከረምሽ» ስል ራሴ አፈርኩ፣ ሁለት ዓመት እኮ ነው። የላክሽልኝን ሁሉ አንብቤዋለሁ። የመጨረሻው «የት ገባሽ? ውሃ በላሽ እንዴ?» የሚለው ነበር። መልስ ስጽፍ ስሰርዝ ቆየሁ፣ ጊዜው ሲረዝም ደግሞ ዝምታዬ ራሱ ሌላ ጥፋት ሆነብኝና ጭራሽ ተውኩት። አሁን ግን ልንገርሽ። ሉፐስ አለብኝ።

ሰርግሽ ላይ የቀረሁት በሱ ነው። የዛን ቀን ጠዋት ጣቶቼ አልታጠፍ ብለው የቀሚሴን ዚፕ መሳብ አቃተኝ። ፊቴ ላይ ደግሞ ከአንዱ ጉንጬ ተነስቶ በአፍንጫዬ አልፎ ሌላው ጉንጬ ድረስ ቀይ ሽፍታ ወጥቷል፣ ክንፉን የዘረጋ ቢራቢሮ ነው የሚመስለው። «አሞኛል» ስልሽ አላመንሽኝም። አልፈርድብሽም፣ ከሳምንት በፊት አብረን ስንስቅ ነበር የዋልነው።

ስሙን እስካውቅ ዓመት ሊሞላኝ ምንም አልቀረኝም። አንዱ ሐኪም ጭንቀት ነው አለኝ፣ ሌላው ደም ማነስ፣ ሦስተኛው ለሽፍታው ቅባት አዘዘልኝ። እውነቱን ለመናገር በሽታውም ያሳስታል። ዛሬ መገጣጠሚያ፣ ከወር በኋላ አፍ ውስጥ ቁስል፣ ከዛ ፀጉር መርገፍ፤ አንዱን ነጥለሽ ካየሽው ማንም ሰው ላይ የሚመጣ ነገር ነው። በመጨረሻ አንዷ ሐኪም ሁሉንም አንድ ላይ አየችው። ኤኤንኤ የሚባል የደም ምርመራ አለ፣ ሉፐስ ያለበት ሰው ሁሉ ማለት ይቻላል ፖዘቲቭ ይሆናል፣ ግን ጤነኛ ሰውም ሊሆን ስለሚችል በሱ ብቻ አይወሰንም። ምልክቶቹ፣ ሌሎች የደም ምርመራዎችና ሽንቱ አንድ ላይ ታይተው ነው የተነገረኝ። ብታምኚም ባታምኚም ያን ቀን ደስ አለኝ። አላበድኩም ማለት ነው!

ምንድነው ካልሽ፣ ከበሽታ እንዲጠብቅሽ የተቀመጠው የሰውነትሽ ዘበኛ የቤቱን ሰው ሌባ ነው ብሎ መደብደብ ሲጀምር ማለት ነው። ቆዳ፣ መገጣጠሚያ፣ ኩላሊት፣ ሳንባ፣ ልብ፤ ማንን እንደሚመታ አስቀድሞ አይነግርሽም። ከ10 ታማሚ 9ኙ ሴቶች ናቸው፣ አብዛኛውን ጊዜም ሴት ልጅ መውለድ በምትችልበት ዕድሜ ላይ ነው የሚጀምረው። አይተላለፍም። ካንሰርም አይደለም። አይድንም ግን፤ ይተኛል፣ ከዛ ይነሳል።

የተሞኘሁት ሲተኛ ነው። ሃይድሮክሲክሎሮኪን የሚባል ክኒን ታዞልኛል፣ የድሮ የወባ መድኃኒት ነው። እስኪሠራ ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይፈጃል፣ ስለዚህ ዛሬ ውጠሽ ነገ አይሰማሽም። ስድስት ወር ስወስድ ቆየሁና ሕመሙ ጠፋ፣ ሽፍታው ጠፋ፣ «ድኛለሁ» ብዬ ለራሴ ፈረድኩና አቆምኩት። ያሻለኝ ራሱ ክኒኑ መሆኑ አልታየኝም። ከጥቂት ወራት በኋላ አገረሸ፣ በዚህኛው ዙር ሽንቴ ውስጥ ፕሮቲን ተገኘ። ኩላሊቴ ተነክቷል፣ እኔ ግን ቅንጣት ታህል ሕመም አልተሰማኝም። ይሄ ነው የሚያስፈራኝ፤ ኩላሊት ሲጎዳ አይጮህም፣ የሚናገርልሽ የሽንት ምርመራው ነው።

ከዛ ፕሬድኒሶሎን የሚባል የስቴሮይድ መድኃኒት በብዛት። ፊቴ እንደ ሙሉ ጨረቃ ተነፋ፣ ሌሊት እንቅልፍ የለ፣ ረሃቡ ደግሞ አይጣል! እሱን እንደ ክኒኑ በራሴ ፈቃድ ላቆመው አልሞከርኩም፣ ሰውነት የራሱን ስቴሮይድ ማምረት ስለሚቀንስ በድንገት ማቋረጥ አደገኛ ነው ብለው አስጠንቅቀውኛል። ቀስ በቀስ እየቀነሱልኝ አሁን ትንሽዬ መጠን ላይ ነኝ። የወባው ክኒን ግን በየቀኑ፣ ደህና ብሆንም ባልሆንም። ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ዓይን ሊነካ ስለሚችል ዓይኔንም ያዩልኛል።

ጸሐይ ጠላቴ ሆናለች፣ ስለዚህ ረጅም እጅጌ፣ ሰፊ ባርኔጣ፣ ኤስፒኤፍ 50 የጸሐይ መከላከያ ቅባት፣ ደመና ቢሆንም። እሱን ለምጄዋለሁ።

ያልለመድኩት ድካሙን ነው። ድካም ስልሽ ሥራ ውዬ እንደሚደክመኝ አይደለም። ስምንት ሰዓት ተኝተሽ ስትነሺ እጅሽ የራስሽ እጅ አይመስልሽም፣ ፀጉርሽን አበጥረሽ ተመልሰሽ ትቀመጫለሽ፣ ሰው ደግሞ ያይሽና «ደህና ነሽ እኮ፣ ምንም የታመምሽ አትመስዪም» ይልሻል፣ ሊያስደስትሽ ብሎ። እኔ ደግሞ ሐሰተኛ የተባልኩ ይመስለኛል። ለዚህም ነው ዝም ያልኩሽ መሰለኝ፣ አንቺም እንዲህ እንዳትዪኝ ፈርቼ።

አሁን ቀኔን ከፋፍዬ ነው የምኖረው። ትልቅ ጉዳይ ካለብኝ ከዛ በፊት ያለውን ቀን ባዶ አደርገዋለሁ፣ በማግስቱም ምንም አልይዝም። ስለዚህ ቀጠሮ ይዘን በመጨረሻ ሰዓት ብቀር አትቀየሚኝ። ሰው የነገረሽን ሁሉ መድኃኒት ደግሞ አትላኪልኝ፣ በስማ በለው ያላዘዘልኝ ሰው የለም። አንቺ ያው እንደ ድሮሽ አሳቂኝ።

ማክሰኞ ጠዋት ምርመራ አለኝ፣ ከሰዓት ቤት ነኝ። ደውይልኝ። ካላነሳሁ ተኝቼ ነው፣ ደግመሽ ደውይ። የሰርግሽን ፎቶ ደግሞ ላኪልኝ፣ ሁሉንም፣ የደበዘዙትንም ጭምር።

ያንቺው