«ማነው የሞተው ልጄ?»

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ባለፈው ሳምንት በሙዚቃ ዓምዳችሁ «ኒው ኤጅ» ስለሚባለው ለስላሳ የመሣሪያ ሙዚቃ የአድማጮችን አስተያየት አውጥታችኋል። ግማሾቹ «መንፈስ ያሳርፋል» ብለዋል። ግማሾቹ ደግሞ «እንቅልፍ ያመጣል» ብለው ዘግተውታል። ከአነጋገራቸው ሁሉም የአዲስ አበባ ሰዎች ይመስሉኛል። እኛ ደብረ ማርቆሶችም ጆሮ አለንና የኛንም ስሙልን።

ልብስ ሰፊ ነኝ። ሱቄ ጠባብ ናት። ሁለት የእግር ሲንጀር፣ አንድ የከሰል ካውያ፣ አንድ ፍላሽ የሚቀበል ስፒከር አለኝ። የእህቴ ልጅ ይህ ዓይነት ሙዚቃ ከተሰበሰበባቸው አልበሞች አንዱን ገልብጦ አመጣልኝ። «ፒዩር ሙድስ» ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አሜሪካ ውስጥ በቴሌቪዥን ማስታወቂያ የተቸበቸበ ነው። መሣሪያ ብቻውን የሚናገርበት አለ፣ ሰው የሚያንጎራጉርበትም አለ። ለሥራ ተስማማኝ። በእስክስታ ዘፈን ዚፕ ገጥሜ አውቃለሁ፤ እግሬ ከከበሮው ጋር እየሄደ ዚፑ እንደ እባብ ተጣመመ።

ደንበኞቼ ግን እንደኔ አልተቀበሉትም። መጀመሪያ አንዲት እናት ቀሚስ ሊያሳጥሩ ገቡ። በሩ ላይ ቆም አሉና ነጠላቸውን አስተካክለው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ማነው የሞተው ልጄ?» አሉኝ። ማንም እንዳልሞተ እስካስረዳቸው አልተቀመጡም። ጥፋቱ የሳቸው አይደለም። እኛ አገር ከሬዲዮ መሣሪያ ብቻውን ሲሰማ ወይ ትረካ ሊጀመር ነው፣ ወይ የሐዘን ወሬ አለ። ስሙንም «ክላሲካል» ብለነዋል። ዋሽንትም ይሁን ፒያኖ፣ ዘፋኝ ከሌለበት ክላሲካል ነው።

አንድ ባለባጃጅ ልጅ ደግሞ ሱሪው እስኪተኮስ ሁለት ዘፈን ሰማና «ጋሼ፣ ይሄን ከፍቼ ብነዳ ከነተሳፋሪዬ ቦይ ውስጥ ነው የሚያገኙኝ» አለ።

ከሁሉም የገረመኝ ከገጠር ቁምጣ ሊያሰፋ የመጣ ገበሬ ነው። ስለካው ዝም ብሎ ያዳምጥ ነበር። ዋሽንት የሚመስል ነገር ሲመጣ ሳቀ። «ይሄ እረኛ ከብቶቹን የት ጥሏቸው ነው?» አለኝ። ቀጥሎ «ትንፋሹ አይሰማም እኮ» አለ። ልጅ ሳለ ሸምበቆ እየበሳ ይነፋ እንደነበር ነገረኝ። እውነቱን ነው። የኛ ዋሽንት ሲነፋ ከዜማው ጎን ሰውየው ይሰማል፤ አየር ሲስብ፣ ከንፈሩ ሲንሸራተት። ያኛው አልበም ላይ ያ ሁሉ ታጥቦ ወጥቷል። በጋዜጣችሁ ላይ አስተያየት ከሰጡት ውስጥ ይህን ያነሳ አንድም ሰው የለም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳዬ ልምጣ። አጠገቤ ሻይ የምትሸጥ ጎረቤት አለችኝ። አንድ ቀን ልጇ አላስቀምጥ ብሏት አዝላው መጣች። ከስፒከሩ የአንዲት ሴት ድምፅ እየተሰማ ነበር። ጎረቤቴ ሳታስበው መወዛወዝ ጀመረች። «ይሄማ እሹሩሩ ነው» አለች። «ቋንቋውን ትሰሚዋለሽ እንዴ?» አልኳት። «ቋንቋ ምን ያደርግልኛል? ጀርባዬ አወቀው» አለችኝ። ልጁ ተኝቷል።

ማታ የእህቴን ልጅ ስልኩ ላይ እንዲያይልኝ አደረግኩት። እውነትም እሹሩሩ ነው! ዘፈኑን እ.ኤ.አ. በ1992 ያወጣው «ዲፕ ፎረስት» የሚባል የፈረንሳይ ቡድን ነው። ድምፁ ግን የነሱ አይደለም። ሰለሞን ደሴቶች ላይ፣ ማላይታ በምትባል ደሴት ትኖር የነበረች አፉናክዋ የምትባል ሴት ድምፅ ነው። ሁጎ ዜምፕ የሚባል የሙዚቃ አጥኚ ቀድቷት፣ በዩኔስኮ የሙዚቃ ስብስብ ውስጥ ታትሞ ነበር። ቡድኑ ከዚያ ወስዶ ሲንተሳይዘርና ከበሮ ጨመረበት። ዜምፕ በዚህ ተከፍቶ እ.ኤ.አ. በ1996 ተቃውሞውን ጽፏል። የግጥሙ ሐሳብ ደግሞ አንድ ልጅ ታናሽ ወንድሙን ሲያባብል ነው፤ ወላጅ የላቸውም፣ ብታለቅስስ ማን ያዝልሃል ይለዋል። ያቺን «ማነው የሞተው?» ያሉኝን እናት አስታወስኳቸው። የትኛው ዘፈን ላይ እንደገቡ ግን አላስታውስም።

የእህቴ ልጅ ባመጣልኝ ፍላሽ ላይ የአፉናክዋ ስም የለም። የቡድኑ ስም ብቻ ነው ያለው። ፈረንጅን ብቻ ለማማት አይደለም። እዚያው ፍላሽ ላይ «ዋሽንት ክላሲካል 07» የሚል አለ። ማን እንደነፋው፣ የት እንደተቀዳ ምንም አይልም። ባቲ መሆኑን ጆሮዬ ነገረኝ እንጂ ቅኝቱም አልተጻፈም። ቀኑን ሙሉ እየደጋገምኩ የምሰማውን ሰው «ሰባት ቁጥር» እያልኩ እጠራዋለሁ። መቼም ይህ ለሰው ስም አይሆንም።

ስብስብ አልበም ሲሠራ ስም መጻፍ ከባድ ነው የሚለኝ ካለ አላምነውም። ፈረንሳይ የሚታተመው «ኤትዮፒክስ» የሚባለው ተከታታይ ቁጥር 11 ላይ የአለሙ አጋን በገና፣ ቁጥር 21 ላይ የእማሆይ ጽጌማርያም ገብሩን ፒያኖ አውጥቷል፤ ሁለቱም በየስማቸው። በዚያ ምክንያት ነው ዛሬ የእማሆይን ፒያኖ የውጭ ሰው ሳይቀር በስማቸው የሚጠይቀው።

እናንተም አላችሁበት። ያ ጽሑፋችሁ አስተያየት የሰጠውን ሁሉ ከነሥራው ጠቅሷል። ከተጫዋቾቹ ግን አንድ ስም አልጻፈም። ሌላ ጊዜ ስለ መሣሪያ ሙዚቃ ስታወጡ ማን ክራሩን መታ፣ ማን ዋሽንቱን ነፋ፣ በየትኛው ቅኝት የሚለውን አስቀድሙልን። አንቀላፋሁ አላንቀላፋሁ የሚለው ከዚያ በኋላ ይድረስ።

«ሰባት ቁጥር»ን በስልኬ ልልክላችሁ እችላለሁ፤ ከአንባቢዎቻችሁ ዋሽንተኛውን የሚያውቀው አይጠፋም። ለምልክት እንዲሆናችሁ፣ መሃል ላይ ሰውየው አንዴ ሳል ይለዋል። ሳይቆርጡት አልፈውታል።

ልብስ ሰፊው፣ ከደብረ ማርቆስ