ከቆላ ለሚመለሱት ልጆች ስለ እንቅልፋቸውም ጠይቋቸው

ውድ አዘጋጅ፣ እንደምን ከረማችሁ። ስለ ሰሊጥ በጻፋችሁ ቁጥር አነባለሁ። ወሬው ሁልጊዜ የኩንታልና የዋጋ ነው። ሰሊጡን የሚያጭደው ልጅ ግን ብዙም አይነሣም። ዛሬ ስለ እሱ ልጽፍላችሁ ነው።

የደጋ ዳሞት ሰው ነኝ። መሬታችን ጠባብ ነው፤ አባቴ ለአምስት ልጆች የሚያካፍለው አልነበረውም። ስለዚህ እንደ ሰፈሬ ልጆች እኔም መተማ ወረድኩ፣ ሦስት ዓመት በተከታታይ። ክረምት ላይ ለአረም፣ ከመስከረም ጀምሮ ለአጨዳ። ሰሊጥ ደግሞ ጊዜ አይሰጥም። ደርሶ ከቆየ ፍሬው ይከፈትና ዘሩ መሬት ላይ ይረግፋል፤ ስለዚህ ባለሀብቱ ይጣደፋል፣ ካቦው ይጮኻል፣ አንተም ፀሐዩ እየጠበሰህ ታጭዳለህ፣ ታስራለህ፣ እንዲደርቅ ነዶውን አደጋግፈህ ሂላ ታቆማለህ፣ ማታ የላስቲክ ዳስ ውስጥ ገብተህ ትንኝ ሲበላህ ታድራለህ።

ድካሙን ለመድኩት። ሌሊቱን ግን አልለመድኩትም። ሰውነቴ ዝሎ እንቅልፍ እምቢ ይለኛል። ሒሳብ የሚዘጋው ሥራው ሲያልቅ ነው፤ ይሰጡኝ ይሆን? ቢቀንሱብኝ ለማን አቤት እላለሁ? እናቴ ምን ሆና ይሆን? በሁለተኛው ዓመት የፈራሁት ደረሰ። የደከምንበትን ግማሹን ከልክለውን ተመለስን፤ ወረቀት የለ፣ ምስክር የለ። አሁን ደግሞ ግጭቱ ተጨምሯል። መንገድ ይዘጋል፣ ስልክ ይቋረጣል፣ ልጁም እዚያ ሆኖ ቤቱን ያስባል፣ ቤቱም እዚህ ሆኖ ልጁን።

በአገራችን ሰው ሐሳብ ሲገባው መተንፈሻ አለው። ደቦ ላይ እየዘፈነ ያጭዳል። ሰንበቴ ላይ ጠላውን ይዞ «ምነው ከሳህሳ?» የሚልህ አይጠፋም። የንስሐ አባት አለህ። ወንፈል የገባኸው ጎረቤት ቀኑን ከቀረህበት ቤትህ ድረስ መጥቶ ያይሃል። ቆላ ላይ ይህ ሁሉ የለም። ያለው ካቲካላ ነው። እኔም ጠጥቻለሁ፤ ለአንድ ሌሊት ያስተኛል፣ በማግስቱ ግን ሐሳቡ አብሮህ ይነሣል።

አብሮኝ የወረደ አንድ ጓደኛዬ ከተመለሰ በኋላ መናገር ተወ። አጥሩ ሥር ተቀምጦ ይውላል። እርሻው ጦም አደረ። ሰነፈ አሉት፤ ቆላ ለክፎት ነው ያሉም ነበሩ። እናቱ ጸበል ወሰደችው። ጥሩ አደረገች፣ ቢያንስ ብቻውን አልሆነም። ጤና ጣቢያም ሄዶ ነበር፤ ወባ ታየለት፣ የለም ተባለ፣ ተመለሰ። ብዙ ወራት ካለፉ በኋላ አንድ ነርስ እግረ መንገዷን «እንቅልፍስ እንዴት ነው?» አለችው። ስቅስቅ ብሎ አለቀሰ። እንዲህ ብሎ የጠየቀው ሰው እስከዚያ ቀን አልነበረም። ወደ ሆስፒታል ጻፈችለት፣ የሚውጠው መድኃኒት ተሰጠው። ጸበሉንም አልተወም፣ ኪኒኑንም። ዘንድሮ በቆሎውን ራሱ ነው የኮተኮተው።

በ1997 ዓ.ም. ሊቦ ከምከም ላይ ካላዛር ብዙ ሰው ሲጨርስ፣ በሽታው ከቆላ በተመለሱ ሠራተኞች እንደመጣ ይታመናል። ያኔ ሐኪም መጣ፣ ደም ታየ፣ መድኃኒት ተሰጠ። ደም ውስጥ የማይታየውን ማን ይመርምረው?

የጤና ኤክስቴንሽን እህቶቻችን ቤት ለቤት ይዞራሉ። ስለ መጸዳጃ ቤት፣ ስለ አጎበር፣ ስለ ክትባት ይጠይቃሉ። ከቆላ የተመለሰ ልጅ ያለበት ቤት ሲገቡ እንቅልፍ ይወስድሃል ወይ፣ ምግብ ይበላልሃል ወይ፣ መኖር አስጠልቶህ ያውቃል ወይ ብለው ቢጠይቁ ምን ይከብዳል? እንዲህ ያለ ሐሳብ ያለበት ሰው ከተገኘ ደግሞ ብቻውን አይተውት፣ የአረምና የተባይ መርዝ ከቤት ይውጣ። ይህን የምለው አይቼ ነው፤ ዝርዝሩን አልጽፈውም፣ የሟች እናት በሕይወት አለች። ቀሳውስቶቻችንም ጸበሉ ላይ «የሐኪም መድኃኒትህን አትተው» ቢሉ ሰው ይሰማቸዋል። ሥራ አስኪያጆቹም ከመነሻው ውሉን በወረቀት ያስሩት፤ ግማሹ ጭንቀት እሱ ነው።

ከናንተ የምፈልገው አንድ ገጽ ነው። ስለ ጭንቀትና ስለ ድባቴ፣ ባለሙያ በቀላል አማርኛ ይጻፍበት። ልጆቹ መመለስ ሳይጀምሩ ይውጣ። ጋዜጣው እኛ ሰፈር ዘግይቶም ቢሆን ይደርሳል፤ ማንበብ ለማይችሉት ሰንበቴ ላይ እኔ አነብላቸዋለሁ።

አንባቢያችሁ፣ ከደጋ ዳሞት