ዌብሳይታችሁ ለምን እንደማያብለጨልጭ

ለደንበኞቻችን በሙሉ
ደሴ

ሰላም እንዴት ናችሁ፣ ሰሞኑን ሦስት አራት ደንበኞች አንድ አይነት ቅሬታ አመጡብን፣ "ይሄን ሁሉ ብር ከፍለን የሰራችሁልን ዌብሳይት ባዶ ነው፣ የሚንቀሳቀስ ነገር የለው ሙዚቃ የለው፣ የነእንትና እኮ ያብለጨልጫል" የሚል። እውነት ነው አያብለጨልጭም። ለእያንዳንዱ ሰው በስልክ ከምናስረዳ አንዴ እንጻፍላችሁ ብለን ነው።

ባለፈው የአንድ ጋቢና ነጠላ ሱቅ ዌብሳይት ጨርሰን ልናስረክብ ስንል ፒያሳ ከቢሯችን ስር ሻይ ለሚሸጡት እናት ስልኩን ሰጠናቸውና "እስቲ የጋቢውን ዋጋ ይፈልጉልን" አልናቸው። እኛ ዝም ብለን ማየት ነው። የጋቢውን ፎቶ ነኩት፣ ምንም። ጠበቅ አርገው ደገሙት፣ አሁንም ምንም። ዋጋው ለካ "አገልግሎቶቻችን" ብለን የሰየምነው ቦታ ውስጥ ተቀብሯል፣ እዛ የሚያስገባው ሜኑ ደግሞ ጥግ ላይ ያለችው ሦስት መስመር ናት፣ እሳቸው ጌጥ መስላቸው አልፈዋታል። "እናንተው ንገሩኝ ልጆቼ" ብለው ስልኩን መለሱልን። አፈርን። ሰው የዕቃ ፎቶ ካየ ይነካዋል አለቀ፣ ጥፋቱ የኛ ነው። በዛው ማታ ፎቶው ሲነካ ዋጋው እንዲወጣ አረግን፣ "አገልግሎቶቻችን" የሚለውንም አጥፍተን "ዋጋ" አልነው።

የፎቶው ብዛትም እንደዛው ነው። በስልክ የተነሳ አንድ ፎቶ 4 እና 5 ሜጋባይት ይሆናል፣ አስሩን እንዳለ መጀመሪያ ገጽ ላይ ብንደረድረው ከኮምቦልቻ በሚኒባስ እየመጣ በደካማ ኔትወርክ የሚከፍተው ሰው ፓኬጁ ይበላል ገጹ ግን አይመጣለትም። ያኮብ ኒልሰን የሚባል የዚህ ሙያ አንጋፋ እንደሚለው ከ1 ሰከንድ በላይ ከቆየ የሰው ሐሳብ መቆራረጥ ይጀምራል፣ 10 ሰከንድ ከሞላ ሐሳቡ ሌላ ጋር ሄዷል። ስለዚ ፎቶውን አሳንሰን፣ የሚሽከረከረውን ነገር ትተን ነው የሰራነው። ሙዚቃውንማ ተዉት፣ ታክሲ ውስጥ ድንገት ሲጮህበት ደንግጦ ነው የሚዘጋው።

ፊደሉን ለምን አተለቃችሁት ላላችሁን፣ ሱ እና ሲን የሚለያቸው የአንዲት ጭረት ቦታ ነው፣ ነጭ ላይ ፈዛዛ ግራጫ አርገን ብናሳንሰው ማን ይለየዋል? ፍለጋው ላይም ሰው ሀይቅ ብሎ ጻፈ ሐይቅ፣ ያው ውጤት እንዲመጣለት አርገነዋል።

አንድ የምንናዘዘው አለ። ለአንድ ፎቶ ቤት በሰራነው የቀጠሮ ገጽ ላይ ሰዓቱን በፈረንጅ አቆጣጠር ትተነው "2:00" ይል ነበር፣ ከቀኑ 8 ሰዓት ለማለት። ሙሽሮቹ ከኮምቦልቻ ተነስተው ጠዋት 2 ሰዓት ከነሚዜያቸው በር ላይ ቆመው ተገኙ። አሁን ሁሉም ላይ "ከቀኑ 8 ሰዓት" ተብሎ በቃል ነው የሚጻፈው፣ ቀኑም በኛ አቆጣጠር።

ዋጋ የቀየራችሁ እስከ አርብ ላኩልን፣ ያለፈበት ዋጋ የለጠፈ ዌብሳይት ከሌለ ይብሳል። አዲስ ፎቶ ካላችሁ በቴሌግራም እንደ ፋይል አርጋችሁ ላኩት፣ እንደ ፎቶ ከላካችሁት ጥራቱ ይወርዳል፣ ማሳነሱን ለኛ ተዉት።

ከአክብሮት ጋር
ሦስታችንም