ማሽኑ የሚቆርጠው የተሣለለትን ነው

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

የምረቃ ሰሞን ሲደርስ ከአራት ኪሎ እስከ ፒያሳ ያሉ ፍሬም ቤቶች ሥራ ይበዛባቸዋል። ደንበኛው ደግሞ አራት ማዕዘን ብቻ አይደለም የሚጠይቀው፤ በመስቀል፣ በልብ፣ በስም ፊደል ቅርጽ የተከፈተ ማት ይፈልጋል። ማት የምንለው በፎቶውና በመስታወቱ መካከል የሚገባውን፣ መስኮት የተቆረጠለትን ወፍራም ካርቶን ነው። ሥራው ሲበላሽ ጥፋቱ በኮምፒውተር መቁረጫው ላይ ይላከካል። አብዛኛው ብልሽት ግን ምላጩ ካርቶኑን ሳይነካ፣ ቅርጹ በኮምፒውተር ሲሣል ያለቀ ነው።

የተለመደው ማት ውፍረቱ 1.5 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ምላጩ በ45 ዲግሪ ተጋድሞ ስለሚገባ ከፊት የሚታየው ነጭ ሰያፍ ጠርዝ በየጎኑ ያንኑ ያህል ይወስዳል። ስለዚህ የመስቀሉ ክንድ በማቱ ፊት 6 ሚሊ ተደርጎ ከተሣለ ፎቶው የሚታየው በ3 ሚሊ ብቻ ነው። 3 ሚሊ ከተሣለማ ሁለቱ ጠርዞች ይጋጠሙና ምንም አይታይም! የላሊበላን መስቀል ከነሐረጉ በትንሽ ማት ላይ ለሚያዝ ሰው ይህ አስቀድሞ ሊነገረው ይገባል፤ ወይ ሐረጉ ይቀነስ፣ ወይ ማቱ ይስፋ።

ፊደል ሌላ ጣጣ አለው። «ወ» ስትቆረጥ የሁለቱ ቀለበቶች ውስጥ አብሮ ይወድቃል፤ «ዐ»ም ተራ ቀዳዳ ሆና ትቀራለች። ከውስጥ ወደ ውጭ የሚያያይዝ ቀጭን ድልድይ መተው ያስፈልጋል። ጽሑፉም ወደ መስመር ተቀይሮ ካልተላከ፣ በመቁረጫው ኮምፒውተር ላይ ፎንቱ ከሌለ ባዶ ሳጥን ሆኖ ይመጣል።

ከኢንተርኔት የወረደ ምስል ሶፍትዌሩ በራሱ እንዲስለው ሲደረግ መስመሩ በመቶ የሚቆጠሩ ነጥቦች ይዞ ይወጣል። ምላጩ በየነጥቡ ስለሚያቅማማ ጠርዙ የመጋዝ ጥርስ ይመስላል። መፍትሔው በጥቂት ነጥቦች እንደገና መሣል ነው። መስመር በመስመር ላይ ተደርቦ እንደሆነም ይታይ፤ ያንኑ ቦታ ሁለቴ ቆርጦ የፊቱን ወረቀት ይልጠዋል።

ከማቱ ሥር ቁራጭ ካርቶን ይነጠፍ። ምላጩ ማቱን አልፎ ያን ካርቶን ጫር ማድረግ ብቻ ነው ያለበት። ከዚያ ጠልቆ ከገባ ይለመጥና ጥጉ ላይ መንጠቆ የመሰለ ጭረት ይተዋል። ካነሰው ደግሞ መሐሉ አይወድቅም። ያኔ በጣት መግፋት ትልቅ ስሕተት ነው፤ ወረቀቱ ይቀደዳል። በስስ ምላጭ፣ ሰያፉን ተከትሎ፣ ጥጉን ብቻ ማስለቀቅ ይበቃል። የዶለዶመ ምላጭ ቁጠባ አይደለም፤ በተለይ ጠባብ ኩርባ ላይ ወረቀቱን ያፍረከርከዋል። ከትእዛዙ በፊት በውዳቂ ማት ላይ 10 በ10 ሴንቲ ሜትር ቆርጦ ከጥግ ጥግ ሁለቱንም መለካት ነው። ካልተካከሉ ማሽኑ ቀጥ አላለም። መብራት ሲቋረጥ ቦታው እንዳይጠፋበትም ዩፒኤስ (ለጊዜው ኃይል የሚሰጥ ባትሪ) የግድ ነው።

ልኩ የሚወሰደው ከራሱ ከሥራው ነው፤ ደንበኛው በስልክ በነገረው አይቆረጥም። 20 በ30 ሴንቲ ሜትር ለሆነ ፎቶ መስኮቱ 19.4 በ29.4 ይሁን፤ በየጎኑ 3 ሚሊ ካልተደረበ ፎቶው ሾልኮ ይወጣል። በቸርችል ጎዳና የሚሸጡት የብራና ሥዕሎች ጠርዛቸው ቀጥ ያለ ስላልሆነ ሦስት ቦታ ተለክተው የማቱ መስኮት በትንሹ ልክ ይቆረጣል። ብራና በክረምት እርጥበት ስለሚላወስ ዙሪያውን በፕላስተር መለጠፍ አይገባም፤ ከላይ ብቻ ይንጠልጠል።

ደንበኞችም ከመስኮቱ የወደቀውን ቁራጭ ጠይቃችሁ ተቀበሉ። ጠርዙን በጣት ብትዳስሱት የምላጩን ስለት ይነግራችኋል። ፀሐይ በሚያገኘው መስኮት ላይ ጥቂት ወራት አቆዩት። ተራ የእንጨት ካርቶን ከሆነ የተቆረጠው ጠርዝ ወደ ቡናማ ይሄዳል፤ በፍሬሙ ውስጥ ያለውም እያደር እንደዚያው ይሆናል። ለእናት ለአባት ፎቶ ከጥጥ የተሠራውን ማት ማዘዝ ይሻላል፤ ዋጋው ከፍ ይላል፣ ግን አሲድ የለበትም።

በፍሬም ሥራ ላይ ያለን ባለሙያዎች
ፒያሳ፣ አዲስ አበባ