ያቺ የዘጋናት መስመር

ወንድም ዓለም፣ እንደምን ከርመሃል?

ሦስት ዓመት ድምፄን አጥፍቼ ዛሬ ስለ ቧንቧ ልጽፍልህ ስቀመጥ እጄ ይከብደኛል። በእናትህ ጊዜ አጠገብህ መሆን ነበረብኝ፤ አልመጣሁም፤ ይቅር በለኝ። ከዚያ ወዲያ ቀኑ በረዘመ ቁጥር እፍረቱም አብሮ... እሱን ሳገኝህ። ይኼኛው ግን አያድርም።

የውሃ ማጣሪያዎቹን የነቀልን ሰሞን ዕቃ ማጠቢያው ሥር የቀሩት መስመሮች ትዝ ይሉሃል? የኔንም ያንተንም መዝጊያውን ጠምዝዘን «በቃ» ብለን ተነሳን። የኔዋ አፍስሳ አገኘኋት። ጠብታ እንኳ አይባልም፣ ወዝ ነው፤ የቁም ሳጥኑን ወለል ግን አበስብሶታል፤ በጣቴ ስጫነው ሰረጎደ። መዝጊያው ውስጥ ያለችው ጎማ በዕድሜ ትደርቃለች፣ የውሃው ግፊት ደግሞ ሌሊትም አያርፍም። ዕቃ ሲገፋ እጀታውን ገጭቶ ቢከፍተው፣ አፏ ላይ የሚያግደው ምንም የለም።

ያኔ የታየኝ ያንተ ቤት ነው። ያንተ መዝጊያ ልክ ከሥሩ የኤሌክትሪክ ሶኬት አለ። ሌሊቱን ሙሉ እሱን ሳስብ አደርኩ።

የኔን ትናንት ደፈንኩት። ዋናውን መዝጊያ ዘግቼ ቧንቧውን ከፈትኩና ግፊቱን አስተነፈስኩ፤ ባልዲ ከሥር አድርጌ ተጣጣፊውን ቱቦ ፈታሁ። የመዝጊያው አፍ ግማሽ ኢንች ነው። ጥርሱን ጠራርጌ ቴፍሎን፣ ያቺን ነጭ ማሸጊያ ጥብጣብ፣ አራት ዙር ጠመጠምኩበት፣ ክዳኑ በሚጠብቅበት አቅጣጫ፤ በተቃራኒው ቢሆን ክዳኑ ሲገባ ይተረተራል። (ያኔ እጄን መትተህ ያስተማርከኝ ነው፤ አልረሳሁትም።) የናስ ክዳኑን በእጄ እስኪቆም አዞርኩና በቁልፍ ጥቂት ጨመርኩ፤ በሌላ ቁልፍ መዝጊያውን ደግፌ፣ ግድግዳው ውስጥ ያለው ቧንቧ አብሮ እንዳይጠመዘዝ። ዋናውን ቀስ ብዬ ከፍቼ ክዳኑን በደረቅ ሶፍት ጠቅልዬው አደርኩ። ጠዋት ደረቅ! ደስታዬን የምነግረው ሰው ስፈልግ ከአንተ በቀር ማንም አልመጣልኝ።

ያንተዋ መስመር ረጅም ናት፤ ስለዚህ ጫፏ ላይ ክዳን ብቻ አይበቃትም። በማይንቀሳቀስ ውሃ ውስጥ፣ በተለይ ሙቀቱ ከ20 እስከ 45 ዲግሪ ሲሆን፣ ሳንባ የሚያሳምም ሌጂዮኔላ የሚባል ባክቴሪያ ይራባል። ከዋናው መስመር ከምትገነጠልበት አጠገብ ተቆርጣ ብትደፈን ነው የሚሻለው። እሱ ግን ይደርሳል።

ዛሬ ማታ ግን መብራቱን ከዋናው አጥፋና መዝጊያውን በሶፍት ዳብሰው። ዕቃ ማጠቢያው ሥር የምታጭቀውን ዕቃ ስለማውቅ መዝጊያው ጋ እስክትደርስ ሰዓት እንደሚፈጅብህ አላጣሁትም፤ ግድ የለም፣ አውጣው።

አንድ ክዳን ተርፎኛል። እሑድ ይዤልህ ልምጣ? ማለቴ... መምጣቴን ካልፈለግህም ይገባኛል። ብቻ ሶኬቱ ደረቅ መሆኑን ጻፍልኝ።