በ55 ዓመቱ የጀመረው ሰውዬ

ውድ አብሮ አደጌ፣

እንደምን ከርመሃል? ባለቤትህና ልጆቹስ ደህና ናቸው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ኑሮው እንደምታውቀው ሽቅብ ይወጣል፤ እኛም እየተንጠላጠልን አለን።

ያን ያህል ዘመን ድምፅህ ጠፍቶ ድንገት የላክኸውን መልእክት ሳነብ ደስም አለኝ፣ ከፋኝም። ስንት ዓመት የለፋህበት የኃላፊነት ቦታ አንተው ላሠለጠንከው ልጅ ሲሰጥ ያናድዳል፤ አይካድም። ግን “ከእንግዲህ ቆሞ ቀር ነኝ፣ ጡረታዬን ልጠብቅ” ያልከው አልተዋጠልኝም። ለዚህ ነው አጭር መልስ ከመስደድ ቁጭ ብዬ መጻፍ የመረጥኩት።

ስቲቭ ጆብስ አፕልን ጀመረበት ስለሚባለው ጋራዥ ልሰብክህ አይደለም። እሱን በየቪዲዮው ሰልችተኸዋል። በሃያ ዓመታቸው ዩኒቨርሲቲ ጥለው ስለወጡ ልጆች የሚወራው ለእኔና ላንተ ምን ይፈይዳል? ይልቅ ቲኤስኤምሲ የተባለውን የታይዋን የስልክና የኮምፒውተር ቺፕ አምራች ያቋቋመውን የሞሪስ ቻንግን ነገር ላጫውትህ። ከታሪኩ ብዙው የተሠራው እዚያው አንተ ባለህበት ዳላስ ነው።

ቻንግ በ1931 ቻይና ውስጥ ኒንቦ በምትባል ከተማ ተወለደ (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፍልህ)። ልጅነቱ ጦርነት ሲሸሽ ከከተማ ከተማ በመዞር አለፈ። በ1949 አሜሪካ ገባ፤ ሃርቫርድ አንድ ዓመት ተምሮ ኤምአይቲ ወደሚባለው የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ተዛወረ፣ በሜካኒካል ምሕንድስናም ተመረቀ። ዶክትሬቱን ለመቀጠል የሚያበቃውን ፈተና ግን ሁለት ጊዜ ወደቀ። ሥራ ሲፈልግ ፎርድ በወር 479 ዶላር፣ ሲልቫኒያ የሚባል ኩባንያ ደግሞ 480 ዶላር እንከፍልሃለን አሉት። ፎርድ ትንሽ እንዲጨምርለት ደውሎ ጠየቀ። እምቢ አሉት። እልህ ያዘውና ሲልቫኒያ ገባ። ሴሚኮንዳክተር፣ ማለትም ትራንዚስተርና ቺፕ የሚሠራበት ዘርፍ ውስጥ የገባው በዚህ ነው እንግዲህ።

ስለ ትራንዚስተር (ሬዲዮኑን ሳይሆን ኤሌክትሪክን የሚያበራ የሚያጠፋውን ትንሽ ዕቃ ማለቴ ነው) የሚያውቀው ነገር አልነበረም። ማታ ማታ ባረፈበት ሆቴል የዘርፉን ከባድ መማሪያ መጽሐፍ ይዞ ያመሻል። ያልገባውን ደግሞ እዚያው ሆቴል ሲጠጣ የሚያመሸውን አንድ ባልደረባውን ይጠይቃል። ይህቺን ነገር በጣም ወድጃታለሁ። አስተማሪ የሚገኝበት ቦታ አይታወቅም።

በ1958 ዳላስ፣ ቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ የሚባል የኤሌክትሮኒክስ ኩባንያ ተቀጠረ። ለኮምፒውተር ሠሪው አይቢኤም የሚሠራ አንድ የትራንዚስተር ማምረቻ መስመር ሰጡት። ችግሩ፣ ከመስመሩ ከሚወጣው ዕቃ ውስጥ የሚሠራ አይገኝም ማለት ይቻላል፤ ሁሉም ወደ ቆሻሻ። ቻንግ ሙቀቱንና ግፊቱን እየለዋወጠ፣ የሆነውን ልብ እያለ፣ ደህና የሚወጣውን ከ20 በመቶ በላይ አደረሰው። እንዴት እንዳደረገው ለማየት የአይቢኤም ሰዎች ሳይቀሩ ቴክሳስ ድረስ መጡ። ቴክሳስ ኢንስትሩመንትስም በራሱ ወጪ ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ላከውና ዶክትሬቱን በ1964 ያዘ።

ከዚያ ደረጃ በደረጃ አድጎ የኩባንያው የሴሚኮንዳክተር ሥራ በሙሉ በእጁ ሆነ። ዋና ሥራ አስኪያጅ እሆናለሁ ብሎ ሲያስብ ግን ወደ ሌላ ክፍል አዛወሩት፣ ቆይቶም “ጥራትና ምርታማነት” የሚሉት ላይ አስቀመጡት። እንዲህ ያለ ወንበር ምን ማለት እንደሆነ ላንተ አልነግርህም። 25 ዓመት ከሠራበት ቤት በ1983 ለቆ ወጣ። ዕድሜው? 52። ያንተ እኩያ።

ኒው ዮርክ ውስጥ ሌላ ኩባንያ ሞከረ፣ አልሆነለትም። በ1985 የታይዋን መንግሥት ጠራውና የኢንዱስትሪ ምርምር ተቋሙን እንዲመራ ሰጠው። ብዙም ሳይቆይ ሚኒስትሩ ኬ.ቲ. ሊ “ቺፕ የሚሠራ ኩባንያ አቋቁምልን” አሉት።

አሁን ልብ ብለህ አንብብ። ቻንግ ቁጭ ብሎ የታይዋንን ጉድለት ቆጠረ። ዲዛይን ላይ ደካማ፣ ምርምር ላይ ደካማ፣ ሽያጭ ላይ ደካማ። የቀረው ማምረት ብቻ ነው። በሌላ በኩል አሜሪካ ሳለ ያየው ነገር ነበር፦ ጎበዝ ኢንጂነሮች ለቀው የራሳቸውን ቺፕ መሥራት ይፈልጋሉ፣ ግን ፋብሪካ ለመትከል የሚጠየቀው ገንዘብ ያስቀራቸዋል። ሁለቱን አገናኛቸው። የራሱን ቺፕ የማይሸጥ፣ የሰው ዲዛይን ተቀብሎ የሚያመርት ፋብሪካ። እንደ ሰፈራችን ወፍጮ ቤት ማለት ነው። እህልህን ይዘህ ትሄዳለህ፣ ፈጭተው ዱቄትህን ይሰጡሃል፤ ገበያ ወጥተው አይሻሙህም። እንዲህ ቲኤስኤምሲ በ1987 ተቋቋመ። ሰውየው 55 ዓመቱ ነበር።

ማንም አላጨበጨበለትም። የአሜሪካው ቺፕ ሠሪ ኢንቴልም፣ የድሮ ቤቱ ቴክሳስ ኢንስትሩመንትስም ገንዘብ አናወጣም አሉ። የኔዘርላንዱ ፊሊፕስ ብቻ 27.5 በመቶ ድርሻ ገዛ፣ ግማሽ የሚጠጋውን መንግሥት ሸፈነ። ደንበኛ የሚሆኑት፣ ቺፕ ዲዛይን እያደረጉ ፋብሪካ የሌላቸው ኩባንያዎችም ገና ብዙ አልነበሩም። ኋላ ላይ ነው የፈሉት። በ1990ዎቹ ጄንሰን ሁዋንግ የሚባል ወጣት ኤንቪዲያ የምትባል ቺፕ ዲዛይን የምታደርግ ትንሽ ኩባንያ ይዞ ለቻንግ ደብዳቤ ጻፈ። ቻንግ ራሱ ስልክ አነሳና ደወለለት። ዛሬ የኤንቪዲያም ሆነ የአይፎን ዋና ዋና ቺፖች የሚያመርተው ቲኤስኤምሲ ነው።

ግን ታሪኩን አላሳምርልህ። ሰውየው ብቻውን አልነበረም፤ መንግሥት ከጀርባው ቆሞለታል፣ ትምህርቱንም ኩባንያ ከፍሎለታል። “ታገስ፣ ያልፍልሃል” የሚሉህ ሰዎች ይህንን ይዘልሉታል። እኔን የማረከኝ ትዕግሥቱ ሳይሆን ሌላ ነው። ያ ሐሳብ ለ25 ዓመት ልጅ አይመጣለትም። የማምረቻ መስመር ላይ ያልቆመ፣ ሥራ ጥለው መውጣት ፈልገው የቀሩትን ኢንጂነሮች በስም የማያውቅ ሰው ከየት ያመጣዋል?

በ2005 ከሥራ አስኪያጅነት ወርዶ ነበር። በ2009፣ በ77 ዓመቱ፣ ተመልሶ ያዘው። የኢኮኖሚ ቀውስ ነው ተብሎ የተባረሩትን ሠራተኞች መለሰ፣ በ2010 ለፋብሪካ 5.9 ቢሊዮን ዶላር አወጣ። እብድ ነው ያሉት ነበሩ። ጡረታ የወጣው በ86 ዓመቱ ነው።

እና አንተስ? ስንት ዓመት ሙሉ የሬስቶራንትና የሱፐርማርኬት ማቀዝቀዣ ስትጠግን ኖረሃል። በፊት ስንደዋወል “ባለቤቶቹ ሁሌ ተመሳሳይ ነገር ነው የሚያማርሩት፣ ማንም አይሰማቸውም” ትለኝ ነበር። ምን ነበር የሚያማርሩት? በዝርዝር ጻፍልኝ፣ ዋጋውን ጭምር። ካፒታል የለኝም የሚለውን ለጊዜው ተወው፤ መጀመሪያ እሱን ልወቅ። የእኔ ታናሽ ወንድም ሒሳብ ላይ ጎበዝ ነው፣ ቁጥሩን አብረን እናየዋለን።

ለባለቤትህና ለልጆቹ ሰላምታዬን አቅርብልኝ። እናቴም “ያ ልጅ ምነው ጠፋ” ማለቷን አልተወችም፤ እሷንም አንድ ቀን ደውልላት።

ወንድምህ