ስለ አላቢዎቻችን፦ ለማኅበራችን አባላት

ውድ አባላት፣ እንደምን ከረማችሁ?

ባለፈው ወር ሁለት አላቢዎች በአንድ ሳምንት ጥለውኝ ሄዱ። ደመወዝ አንሷቸው መስሎኝ ነበር፤ ኋላ ስጠይቅ ግን ያስመረራቸው የሚከፈልበት ቀን አለመታወቁ ነው። አንዱን ወር በ30፣ ሌላውን በ8 እከፍል ነበር። ጥፋቱ የእኔ ነው። አሁን ቀኑን ቆርጬ በረቱ በር ላይ ለጥፌዋለሁ።

እባካችሁ ውሉን በጽሑፍ አድርጉት። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት መደበኛው ሥራ በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት አይበልጥም። ሌሊት 10 ሰዓት የተነሣ ልጅ ያለ እረፍት እስከ ማታ ሲባክን ከዋለ፣ ከድካሙ የተነሣ የላሚቱን ጡት በደንብ ሳያጥብ ያልባል፤ ላሚቱም ትታመማለች፣ ወተቱም ይበላሻል። እኔ ከጠዋቱ አለባና ከበረት ጠረጋው በኋላ እስከ 8 ሰዓት አሳርፋቸዋለሁ።

የሱሉልታን ብርድ ታውቁታላችሁ፤ ያለ ቦቲና ያለ ካፖርት ጭቃ ውስጥ አታሰማሯቸው። ሲሳሳቱም ለብቻ ጠርታችሁ አሳዩአቸው እንጂ በሰው ፊት አትቆጧቸው።

የውል ናሙና የምትፈልጉ ቅዳሜ ጠዋት ወተት ስታስረክቡ ከእኔ ውሰዱ፤ አንብቦ ማስረዳት ካስፈለገም አብሬያችሁ እቀመጣለሁ።